በራስ ቁር ውስጥ የሚሰማ ቃል
ስለ ሞተር ሳይክል ነጂዎች የብሉቱዝ መነጋገሪያ አመራረጥ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር

ሞተር ሳይክል ነጂ ከሌላው የመንገድ ተጠቃሚ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ብቸኝነቱ ነው። የመኪና ነጂ ከጎኑ ለተቀመጠው ሰው ድምፁን ሳያነሣ የፈለገውን ይናገራል። የሞተር ሳይክል ነጂ ግን ከኋላው የተፈናጠጠው ሰው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆኖ ቢጮኽ እንኳ ቃሉን ነፋስ ጠርጎ ይወስድበታል። ስለዚህም ነጂዎች ለብዙ ዘመን ሲግባቡ የኖሩት በእጅ ምልክት፣ በመብራትና በክላክስ ነበር። ዛሬ ግን በተለምዶ ሄልሜት ከሚባለው የራስ ቁር ጎን ላይ የሚታሰር፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ መሣሪያ ይህን ብቸኝነት አስቀርቶታል። መሣሪያው ኢንተርኮም ይባላል፤ በዚህ ንግግር ውስጥ ግን መነጋገሪያ እየተባለ ይጠራል።

ገዢው ከሱቅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው በሣጥኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ ይህን ያህል ነጂ፣ ይህን ያህል ሰዓት የሚል። የዚህ ንግግር ዓላማ ምርጫው ከቁጥሩ መጀመር እንደሌለበት ማስረዳት ነው። መነጋገሪያ ሊመረጥ የሚገባው ማን ለማን፣ በምን መንገድ ላይ፣ ምን ዓይነት ቃል እንደሚያስተላልፍ ከታወቀ በኋላ ነው። ያለዚህ የተደረገ ምርጫ የሚያስከትለው ጉዳት የገንዘብ ብቻ አይሆንም። ተቆርጦ የተሰማ ቃል ሕይወት ሊያስጠፋ፣ ከመጠን በላይ የጮኸ ድምፅም ተመልሶ የማይገኝ የመስማት ችሎታ ሊያሳጣ ይችላል።

፩. የብሉቱዝ አመጣጥና ጠባይ

ብሉቱዝ በመሠረቱ ለሞተር ሳይክል ታስቦ የተፈጠረ አይደለም። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ በኤሪክሰን ኩባንያ ውስጥ ሲሆን፣ የታሰበውም በተቀራረቡ ዕቃዎች መካከል የሚዘረጋውን ሽቦ ለማስቀረት ነበር። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኢንቴል፣ ኖኪያ፣ አይ.ቢ.ኤም. እና ቶሺባ በአንድነት ተሰባስበው የጋራ ደንብ የሚያወጣ ማኅበር መሠረቱ። ስሙ በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ስም የተወሰደ ነው።

ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ባለውና የተለየ ፈቃድ ሳያስፈልግ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል ላይ ነው። ዋይፋይም ከዚሁ ክልል ይጠቀማል። በዚህ በተጨናነቀ ክልል ውስጥ ድምፁ እንዳይታፈን፣ መደበኛው ብሉቱዝ ክልሉን በ79 መስመሮች ከፋፍሎ በሰከንድ 1,600 ጊዜ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዘላል። ክልሉ የጋራ በመሆኑ የማሠራጫው ጉልበት በሕግ የተወሰነ ነው፤ በአውሮፓ ጣሪያው 100 ሚሊዋት ነው። ስለሆነም ማንኛውም ፋብሪካ ርቀት ለመጨመር ሲል ጉልበቱን እንደ ልቡ ሊያሳድግ አይችልም።

ሁለተኛው ጠባይ ከሞገዱ ማጠር የሚመጣ ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አጭር ሞገድ ኮረብታን ዞሮ ለመሄድ አቅም የለውም፤ አብዛኛው ውሃ የሆነውን የሰው አካልም በቀላሉ አይሻገርም። መሣሪያው እንደ ደንቡ በራስ ቁሩ ግራ ጎን ላይ ስለሚታሰር፣ የነጂው ጭንቅላት ራሱ በስተቀኝ ላለው ጓደኛው ከፊል ግርዶሽ ይሆንበታል።

ይህን ለመረዳት ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን በመሻገር ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ ማሰብ ይበቃል። ነጂው በዚያ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ይወጣል። በጠመዝማዛው ላይ ሁለት ነጂዎች እምብዛም ሳይራራቁ የገደሉ ትከሻ በመካከላቸው ሊገባ ይችላል። በሣጥኑ ላይ 1.6 ኪሎ ሜትር የሚል ጽሑፍ ያለበት መሣሪያ በዚያ ቦታ ዝም ቢል ተበላሽቶ አይደለም፤ የተጻፈው ቁጥር አንዱ ሌላውን በሚያይበት ገላጣ ሜዳ ላይ ሊደረስበት የሚችለው ከፍተኛ ርቀት ስለሆነ ነው። እንግዲህ የሣጥኑ ቁጥር ሁለት መሣሪያዎችን ለማወዳደር ይረዳ እንደሆነ እንጂ በተራራ አገር የሚታመኑበት ውል አይደለም። ዐይን የማያየውን ሰው ይህ ሬዲዮም አያገኘውም ብሎ ማሰብ ከብዙ ቅሬታ ያድናል።

፪. ሰንሰለትና መረብ

ብሉቱዝ ከነጂው ራስ ቁር ላይ የወጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው። ካርዶ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሞተር ሳይክል የራስ ቁር የተዘጋጀ የብሉቱዝ መሣሪያ ለገበያ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር፤ ሴና የተባለው የኮሪያ ኩባንያም በኋላ ዋና ተወዳዳሪው ሆነ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ነጂን ከስልኩና ከተፈናጣጩ የሚያገናኙ ነበሩ። ከዚያም ሦስትና አራት ነጂዎችን እንደ ሰንሰለት ማያያዝ ተቻለ።

የሰንሰለት ችግሩ ከስሙ ይታወቃል። አንደኛው ነጂ ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ይያያዛል። በመካከል ያለው ቤንዚን ለመቅዳት ቢቆም ወይም ባትሪው ቢያልቅ፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት ተለያይተው ይቀራሉ። ነጂዎቹ የተያያዙበትን ቅደም ተከተል ጠብቀው ካልሄዱም ድምፁ ይቆራረጣል።

ይህን ችግር ለማስወገድ ካርዶ በ2015 ሜሽ የሚባለውን፣ በአማርኛ መረብ ሊባል የሚችለውን አሠራር አቀረበ፤ ሴናም የራሱን መረብ ይዞ ተከተለ። በመረብ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ የሌሎቹን ድምፅ ተቀብሎ ያስተላልፋል። አንዱ ቢጠፋ ቃሉ በሌላው በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ የጠፋውም ሲመለስ ማንም ቁልፍ ሳይነካ ከማኅበሩ ይቀላቀላል። በካርዶ መረብ እስከ 15 ነጂዎች መነጋገር ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በዚህ ቦታ ከምሳሌነት አልፎ የቴክኒክ መግለጫ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ሰው መረብ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ከባለቤቱ ወይም ከወንድሙ ጋር በአንድ ሞተር ሳይክል ለሚሄድ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ ለእርሱ ተራው ብሉቱዝ ከበቂ በላይ ነው። ብቻውን እየሠራ ዕቃ የሚያደርስ ነጂም የሚፈልገው የስልኩን የመንገድ ምሪት መስማት ብቻ ነው። ሁለት ጓደኛሞች በሁለት ሞተር ሳይክል ቢሄዱም ተራው መሣሪያ ይበቃቸዋል። ለመረብ የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ዋጋ የሚኖረው ነጂዎቹ ሦስትና አራት ሆነው በየጊዜው ቦታ ሲለዋወጡ፣ ሲለያዩና ሲገናኙ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የመግባባት ጉዳይ ነው። የአንዱ ፋብሪካ መረብ የሌላውን ፋብሪካ መረብ አያውቀውም። የካርዶና የሴና መሣሪያዎች የሚገናኙት በተራው ብሉቱዝ በኩል ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎችም ይህ የሚሆነው አንዱ መሣሪያ ሌላውን ስልክ መስሎ እንዲቀበለው በማድረግ ስለሆነ፣ ለስልክ ወይም ለመንገድ ምሪት የተመደበው ቦታ በዚያ ይያዛል። ስለዚህ መነጋገሪያ እንደ ጫማ በግል የሚመረጥ ዕቃ አይደለም። አብረው የሚጓዙ ሰዎች ተመካክረው አንድ ዓይነት ቢገዙ፣ መካከለኛው መሣሪያ እርስ በርሱ ከማይግባባ ውድ መሣሪያ የተሻለ ያገለግላቸዋል።

፫. የተቆረጠ ቃል

የመነጋገሪያ ጥቅም ከመዝናኛ አልፎ የሥራ መሣሪያ የሆነበት ቦታ የነጂዎች ሥልጠና ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1990 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ሞተር ሳይክል ነጂዎች መሠረታዊ የግዴታ ሥልጠና እንዲወስዱ ተደንግጓል። በሥልጠናው የመንገድ ክፍል አሠልጣኙ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሠልጣኞች በላይ ይዞ አይወጣም፤ ከሠልጣኞቹም ጋር በሬዲዮ ይገናኛል። በመንገድ ላይ በሚሰጠው ፈተናም ፈታኙ ከኋላ እየተከተለ መመሪያውን በሬዲዮ ይሰጣል። በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ጥያቄው ምን ያህል ኪሎ ሜትር ይደርሳል የሚል ሳይሆን ቃሉ ሳይጎድል ይደርሳል ወይ የሚል ነው።

ለመሆኑ ቃል የሚጎድለው በምን ምክንያት ነው? አንደኛው ምክንያት በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ያለው በድምፅ የሚከፈት አሠራር ነው። መሣሪያው ነጂው ዝም ሲል መስመሩን ይዘጋል፤ መናገር ሲጀምር ይከፍታል። ድምፁን ሰምቶ እስኪከፍት ድረስ ግን የመጀመሪያው ቀለም ያመልጣል። ይህ በሌላ ቋንቋ ትንሽ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛ ግን አደጋው ከባድ ነው። የአማርኛ ትእዛዝ አፍራሽ የሚሆነው በቃሉ መጀመሪያ ላይ በሚገባው «አት» ነውና። «አትታጠፍ» የተባለው ትእዛዝ መጀመሪያው ቢቆረጥ «ታጠፍ» ሆኖ ይሰማል። «አትቁም» የተባለው «ቁም» ይሆናል። «አትለፍ» የተባለው ደግሞ «እለፍ» ከሚለው ሊለይ በማይችል ሁኔታ ይደርሳል። ከጭነት መኪና ኋላ ሆኖ ለመቅደም ፈቃድ ለሚጠብቅ ሠልጣኝ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

ስለሆነም በአማርኛ የሚያሠለጥን ሰው ሁለት ነገር ሊያደርግ ይገባዋል። በመጀመሪያ መስመሩ ያለማቋረጥ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ወይም በድምፅ የሚከፈተው አሠራር ሊጠፋ የሚችል መሣሪያ ይምረጥ። ቀጥሎም አፍራሽ ትእዛዝን ፈጽሞ ይተው። «አትለፍ» በማለት ፈንታ የሠልጣኙን ስም አስቀድሞ «ከኋላው ቆይ» ቢል፣ ስሙ ቢቆረጥ እንኳ ትእዛዙ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። የትእዛዞቹም ዝርዝር ጉዞ ሳይጀመር፣ ሞተሩ እንደ ቆመ፣ በሁለቱም ወገን ሊታወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት የድምፁ ጥራት ነው። ጥንታዊው የብሉቱዝ የንግግር መስመር ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ስለሚመዘግብ ከፍ ያለውን የድምፅ ክፍል ይቆርጣል። በኋላ የመጣው ሰፊው መስመር ግን 16,000 ጊዜ ይመዘግባል። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» የመሳሰሉት ተነባቢዎች ጉልበታቸው ያለው በዚያ ከፍ ባለው ክፍል ስለሆነ፣ በጠባቡ መስመር ላይ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ከነአካቴው ይጠፋሉ። እንግዲህ በሣጥኑ ላይ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የድምፁን ስፋት የሚገልጸውን መስመር ፈልጎ ማንበብ ይበልጥ ይጠቅማል።

፬. ጆሮ

ከመሣሪያው ሁሉ ሊለወጥ የማይችለው ጆሮ ነው። በመካከለኛ ፍጥነት ላይ፣ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ፣ በራስ ቁር ውስጥ የሚሰማው ዋናው ጩኸት የሞተሩ ሳይሆን የነፋሱ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ጩኸት 95 ዴሲቤል አካባቢ እንደሚደርስ ልኬቶች ያሳያሉ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በሚሰጠው ምክር መሠረት ሰው ያለ ጉዳት ስምንት ሰዓት ሊሠራበት የሚችለው የጩኸት መጠን 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ደግሞ ሩብ ሰዓት ብቻ ይሆናል። በዚህ ስሌት መሠረት ጆሮውን ሳይከልል በአውራ ጎዳና የሚጓዝ ነጂ የቀኑን ድርሻ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይጨርሳል።

አሁን በዚህ ጩኸት ላይ መነጋገሪያ ይጨመር። ቃል እንዲሰማ ከነፋሱ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ነጂው ፍጥነቱን በጨመረ ቁጥር ድምፁን ያሳድጋል፤ አንዳንዱ መሣሪያም ራሱ ያሳድግለታል። በዚህ ሁኔታ ለደኅንነት የተገዛው ዕቃ ጆሮን የሚያደነቁር ይሆናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ጉዳቱ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ባለቤቱ የሚያውቀው ሌሎች ሰዎች ስሙን ደጋግመው መጥራት ከጀመሩ በኋላ ነው።

መፍትሔው የሚገርም ያህል ርካሽ ነው። በደንብ የገባ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ጩኸቱን ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ሰዎች መድፈኛ ቃሉንም ይከለክላል ብለው ይሸሹታል። ነገር ግን መድፈኛው ነፋሱንም ቃሉንም አብሮ ስለሚቀንስ፣ አንዱ ከሌላው ያለው ብልጫ ብዙም አይለወጥም። በጩኸት ያልተጨናነቀ ጆሮ ደግሞ ከተጨናነቀው ይልቅ ቃልን አጣርቶ ይሰማል። ስለዚህ የመነጋገሪያ ግዢ መጀመር ያለበት ከጆሮ መድፈኛ ነው። መድፈኛ አድርጎ በሙሉ ድምፁ ላይ እንኳ በግልጽ የማይሰማ መሣሪያ ለዚያ ነጂ የሚሆን መሣሪያ አይደለም።

በአንጻሩ የሚሰማው ሁሉ ከድምፅ ማጉያው ጥራት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ማጉያው ከጆሮው ቀዳዳ ትክክለኛ ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት፤ ጥቂት ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች ቢያፈነግጥ ድምፁ ይደክማል። ማይክሮፎኑም ከከንፈር አጠገብ ሆኖ በስፖንጁ እንደ ተሸፈነ መቆየት አለበት። ፊትን በሙሉ ለሚሸፍን የራስ ቁር በአገጭ መከላከያው ውስጥ የሚለጠፈው ትንሹ ማይክሮፎን፣ ለክፍቱ ደግሞ ዘንግ ያለው ይስማማል። ብዙ ሰው መሣሪያ የሚለውጠው ማጉያውን አንድ ጣት ቢያንቀሳቅስ ሊወገድ በሚችል ችግር ነው።

፭. የራስ ቁሩና የመሣሪያው ጽናት

የራስ ቁር የተሠራው ጭንቅላትን ለማዳን እንጂ መሣሪያ ለመሸከም አይደለም። በውስጡ ያለው ጠንካራ አረፋ የግጭትን ኃይል ተሰባብሮ የሚቀበለው ክፍል ስለሆነ፣ ለድምፅ ማጉያ ቦታ ለማበጀት ሲባል መቆረጥም ሆነ መፋቅ የለበትም። ቅርፊቱንም መብሳት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 22 ደንብ 06ኛ ማሻሻያ፣ ከራስ ቁሩ ጋር የሚገጠሙ ተጨማሪ ዕቃዎችንም በፈተናው ውስጥ አስገብቷል። ማጉያው ከምቾት ጨርቁ በታች በተዘጋጀለት ጎድጓዳ ቦታ የማይገባ ከሆነ፣ መለወጥ ያለበት መሣሪያው ወይም የራስ ቁሩ ነው እንጂ አረፋው አይደለም።

ክረምት ባለበት አገር የውሃ መከላከያው ደረጃ መታወቅ ይገባዋል። አይ.ፒ. 67 የሚል ምልክት ሲኖር፣ 6 የሚለው አቧራ ጨርሶ እንደማይገባበት፣ 7 የሚለው ደግሞ አንድ ሜትር በሚደርስ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ሊቆይ እንደሚችል ያመለክታል። ውሃ ይቋቋማል የሚል ቃል ብቻ ያለበትና ቁጥር የሌለው መሣሪያ የተፈተነበት ደረጃ አልተገለጸም ማለት ነው።

ባትሪውን በሚመለከት ሦስት ጥያቄዎች ሊነሡ ይገባል። እየተሠራበት ሊሞላ ይችላል ወይ? በብርድ ምን ያህል ይቆያል? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲደክም ሊለወጥ ይችላል ወይ? በመረብ አሠራር መሣሪያው የሌሎቹንም ድምፅ ስለሚያስተላልፍ ባትሪው ከተራው ብሉቱዝ ይልቅ ፈጥኖ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ቁልፎቹም በወፍራም ጓንት፣ ሳይታዩ፣ በመዳሰስ ብቻ የሚለዩ መሆን አለባቸው። ይህን በሱቅ ውስጥ ጓንት አድርጎና ዐይንን ጨፍኖ መሞከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

፮. የዝምታ ደንብ

የመነጋገሪያ የመጨረሻው ጥያቄ መቼ ዝም እንደሚባል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ለአንድ ጥያቄ መልስ ሲያስብ ሁለት ሰከንድ ቢያልፍ 44 ሜትር በግማሽ ልቡ ነድቷል ማለት ነው። እጅ ነፃ መሆኑ አሳብን ነፃ እንደማያደርግ በመኪና ነጂዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አረጋግጠዋል። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። ፈረንሳይ በ2015 በጆሮ ውስጥ የሚገቡ ማዳመጫዎችን ለነጂዎች ስትከለክል በራስ ቁር ውስጥ የተገጠሙትን ግን ፈቅዳለች። ሌላ አገር የሚሄድ ነጂ የዚያን አገር ሕግ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ መልካም ማኅበር የቃል ደንብ አለው። ፊተኛው ነጂ ስለ ጉድጓድ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ፈሰሰ ዘይት በአጭር ቃል ያስጠነቅቃል። ኋለኛው ሊቀድም የመጣውን መኪና ያሳውቃል። በጠመዝማዛ ላይ፣ በመስቀለኛ መንገድና በከተማ መግቢያ ወሬ ይቆማል። አሠልጣኝም ሠልጣኙ በኩርባ መካከል ሳለ ስሕተቱን አይነግረውም፤ ቀጥታው መንገድ ላይ እስኪደርስ ይጠብቀዋል። ይህን ደንብ ለማክበር በአንድ ንክኪ ሙዚቃውንና ስልኩን ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ ከብዙ ተጨማሪ አገልግሎት ይበልጣል።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል የምርጫው ቅደም ተከተል በሣጥኑ ላይ ካለው ተገልብጦ ይገኛል። ሣጥኑ በኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ አስተዋይ ገዢ ግን ከጆሮው ይጀምራል። ከዚያም የራስ ቁሩን፣ ቀጥሎ አብረውት የሚሄዱትን ሰዎች፣ ከዚያ መንገዱን፣ በመጨረሻም ርቀቱን ይመለከታል። መሣሪያዎቹ በየዓመቱ ይለወጣሉ፤ ዛሬ አዲስ የተባለው ነገ ያረጃል። የቅደም ተከተሉ ነገር ግን የሚያረጅ አይሆንም፤ መነሻው የሰው ጆሮ፣ የመንገድ ጠባይና የቋንቋው አነጋገር ነውና። አንድ ሠልጣኝ «ከኋላው ቆይ» የሚለውን ቃል ሳይጎድልበት ሰምቶ የጭነት መኪናውን ሳይቀድም ከቀረ፣ መሣሪያው የተገዛበትን ዋጋ በዚያች አንዲት ቃል መልሷል።